ምዕራፍ ሰባት፦ ዘፋኙ የት ገባ?

ኢርፎኑ ስልኩ ላይ ተሰክቷል፤ ዘፈኑም ተከፍቷል። ከበሮው ይሰማል፤ ኪቦርዱ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ በሩቁ ያስተጋባል፤ የተቀባዮቹም ድምፅ ከግራና ከቀኝ ብቅ ጥልቅ ይላል። ዘፋኙ ግን የለም። ግጥሙ መግባት ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ብዙ ሰው ይህ ሲገጥመው መጀመሪያ ዘፈኑን ይጠረጥርና ሌላ ይከፍታል፤ ያም እንዲሁ ይሆንበታል። ቀጥሎ ገመዱን ያሻሸዋል፣ ጃኩን ያሽከረክረዋል፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይጨምረዋል። በመጨረሻም «ተበላሽቷል» ብሎ ይነቅለውና አዲስ ለመግዛት ይወጣል። አዲሱም ተሰክቶ ዘፋኙ ካልተመለሰ ደግሞ ስልኩ ላይ ይፈረድበታል። ይህ ምዕራፍ የሚሞግተው ይህን የችኮላ ፍርድ ነው። በገመድ የሚሠራ ማዳመጫ ከስልክ ጋር አልሠራም ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ዕቃዎች በአንዱ ሆድ ውስጥ አይደለም፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ደግሞ፣ ለሚያዳምጠው ሰው፣ የጎደለው ድምፅ ራሱ ይናገራል።

ማስረጃው ከጃኩ ይጀምራል። ጃኩን ብርሃን ላይ ይዞ ቀረብ አድርጎ ላየው ሰው፣ ከሩቅ አንድ ወጥ ብረት የሚመስለው ነገር በጥቁር ወይም በነጭ ቀጫጭን የፕላስቲክ መስመሮች የተከፋፈለ ነው። ለማዳመጥ ብቻ በተሠራ ኢርፎን ላይ መስመሮቹ 2 ናቸው፤ ብረቱም 3 ቦታ ይከፈላል። ማይክ ባለው ኢርፎን ላይ መስመሮቹ 3፣ የብረቱ ክፍሎች 4 ይሆናሉ። ጫፏ ላይ ያለችው ሾጠጥ ያለች ክፍል የግራውን ድምፅ ታመጣለች፤ ከእሷ ቀጥላ ያለችው የቀኙን። ኤሌክትሪክ ግን ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ መመለሻ ይፈልጋል። ግራና ቀኝ የየራሳቸው መሄጃ ቢኖራቸውም መመለሻቸው አንድ የጋራ መስመር ነው፤ ባለሙያዎች ግራውንድ ይሉታል። የጉዳዩ ቁልፍ ያለው እዚህ የጋራ መመለሻ ላይ ነው። መመለሻው ሲቋረጥ ኤሌክትሪኩ ሌላ መውጫ ስለማያገኝ በግራው ስፒከር ገብቶ በቀኙ በኩል ለመመለስ ይገደዳል። ያን ጊዜ ሁለቱ ጆሮዎች የሚሰሙት ግራውንና ቀኙን ሳይሆን በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈን ሲቀናበር ደግሞ የዘፋኙ ድምፅ መሐል ላይ የቆመ እንዲመስል በሁለቱም በኩል እኩል ይቀመጣል። እኩል ከእኩል ሲቀነስ ዜሮ ነው። ዘፋኙ የጠፋው ተቀንሶ ነው።

ይህ አንድ ብልሽት እንደሚያዳምጡት ነገር መልኩን ይቀያይራል። ዘፈን የሚያዳምጠው ሰው «ዘፋኙ ጠፋ» ይላል። ዜና ወይም ስብከት የሚያዳምጠው ሰው፣ የአንድ ሰው ንግግር በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ከሞላ ጎደል ምንም አይሰማምና «ጨርሶ ሞቷል» ይላል። በስቴሪዮ ያልተቀረፀ የድሮ ዘፈን የከፈተም እንዲሁ፤ በሞኖ ቀረጻ ውስጥ ግራና ቀኝ የሚባል ልዩነት ስለሌለ ባንዱም ከነዘፋኙ አብሮ ይጠፋል። ሦስት ሰዎች ሦስት የተለያየ ስሞታ ይዘው ወደ ጥገና ሱቅ ይሄዳሉ፤ ብልሽቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ኢርፎን «አይሠራም» ከመባሉ በፊት ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነገር ሊከፈትበት ይገባል፦ አንድ ንግግር፣ አንድ ደግሞ መሣሪያዎቹ ግራና ቀኝ ተለያይተው የተቀናበሩበት አዲስ ዘፈን። ንግግሩ ጠፍቶ የዘፈኑ መሣሪያዎችና ማስተጋባት ከተሰማ፣ ግራውም ቀኙም ስፒከር ደህና ነው፤ የታመመው መመለሻው ነው። በዚህች የሁለት ደቂቃ ሙከራ ብቻ ከግማሽ በላይ መንገድ ተሂዷል።

መመለሻው ግን በሁለት ፈጽሞ በተለያዩ ምክንያቶች ሊጠፋ ይችላል፤ አንዱ የተቆረጠ ሽቦ ነው፣ ሌላው ያልተጣጣመ ስምምነት። ሁለተኛውን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ጃክ የተወለደው ለሙዚቃ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የስልክ ኦፕሬተሮች ደንበኛን ከደንበኛ ለማገናኘት ከሰሌዳው ቀዳዳ ወደ ቀዳዳ የሚነቅሉትና የሚሰኩት ወፍራም ብረት ነበር፤ ውፍረቱ 6.35 ሚሊ ሜትር። ያ ትልቁ ጃክ ዛሬም በጊታርና በስቱዲዮ ማዳመጫዎች ላይ በሕይወት አለ። ትራንዚስተር ሬዲዮ ኪስ ውስጥ መግባት ሲጀምር ጃኩም 3.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ አነሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የሶኒ ዎክማን ደግሞ ይህን ትንሹን ጃክ ከስቴሪዮ ማዳመጫ ጋር በየሰው ጆሮ አዳረሰው። እስከዚህ ድረስ ሦስቱ ክፍሎች ጠብ የላቸውም፤ ግራ፣ ቀኝ፣ መመለሻ። ጠቡ የመጣው የሞባይል አምራቾች ማይክ ለመጨመር አራተኛ ክፍል በፈለጉ ጊዜ ነው። አንዱ ወገን ማይኩን ሦስተኛው ክፍል ላይ፣ መመለሻውን መጨረሻ ላይ አደረገ፤ ኦኤምቲፒ የሚባለው ስምምነት ይህ ነው፤ የቀድሞዎቹ ኖኪያና ሶኒ ኤሪክሰን፣ አንዳንድ የድሮ ሳምሰንጎችም ይህን ይከተሉ ነበር። ሌላው ወገን አገላብጦ መመለሻውን ሦስተኛው ላይ፣ ማይኩን መጨረሻ ላይ አስቀመጠ፤ ይህ ሲቲአይኤ ይባላል፤ አይፎን እ.ኤ.አ. በ2007 ይዞት መጣ፤ ኋላም አብዛኛው ስማርት ስልክ ወደዚህ ተጠቃለለ። ሁለቱ ጃኮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አይለዩም። ርዝመታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ መስመራቸው አንድ ነው። ካርቶኑ ላይም ብዙ ጊዜ የትኛውን እንደሚከተሉ አይጻፍም። የአንዱ ወገን ኢርፎን የሌላው ወገን ስልክ ላይ ሲሰካ የስልኩ መመለሻ ከኢርፎኑ ማይክ ጋር ይገናኛል፤ ማይክ ደግሞ ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚያሳልፍ ነገር አይደለም። መመለሻው የተቆረጠ ያህል ይሆናል። ዘፋኙም ይጠፋል።

የተቆረጠውንና ያልተጣጣመውን ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማይኩ ላይ ያለችው ቁልፍ ትበቃለች። ይህች ቁልፍ የምትሠራው በጣም ቀላል ነገር ነው፤ ስትጫን የማይኩን መስመርና መመለሻውን እርስ በርስ ታገናኛለች፤ ስልኩ ይህን ሲያይ ስልክ ያነሳል ወይም ዘፈን ያቆማል። እንግዲህ ዘፋኙ በጠፋበት ዘፈን ላይ ቁልፏን ተጭኖ መያዝ ነው። ዘፈኑን ካስቆመችው፣ ጣትን ከቁልፏ ሳያነሱ ስልኩ ላይ እንደገና ማስጀመር። ዘፋኙ ጥርት ብሎ ከተመለሰና ቁልፏ ስትለቀቅ መልሶ ከጠፋ፣ ነገሩ አበቃ፦ ገመዱ ደህና ነው፣ ስልኩም ደህና ነው፣ የተለያየው ስምምነታቸው ብቻ ነው። ጣት በቁልፏ በኩል የማይኩን እገዳ ዘልሎ መመለሻውን ከመመለሻው አገናኘው ማለት ነው። መፍትሔው ሁለቱን ክፍሎች የምታቀያይር አጭር ኮንቨርተር መግዛት፣ ወይም ያን ኢርፎን ለሚስማማው ስልክ ትቶ ሌላ መጠቀም ነው። ቁልፏ ተጭናም ዘፋኙ ካልተመለሰ ግን ሽቦው የሆነ ቦታ ተቆርጧል፣ ወይም ጃኩ እስከ ውስጥ አልገባም። ከዚህ የበለጠ ርካሽ ምርመራ በኤሌክትሮኒክስ ዓለም ውስጥ ብዙ የለም፤ ስንቱ ደህና ኢርፎን በዚህች አንዲት ቁልፍ ሳይሞከር እንደተጣለ ሲታሰብ ያሳዝናል።

«ይህ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? ኢርፎኑን ሌላ ስልክ ላይ፣ ሌላ ኢርፎን ደግሞ ስልኩ ላይ ሞክሮ ማየት ይበቃል» የሚል ሰው ይኖራል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ምክር ነው፤ መጥፎም አይደለም። ድክመቱ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ማመኑ ነው፦ ከሁለቱ አንዱ የግድ ጥፋተኛ ነው ብሎ። ኢርፎኑ ሌላ ስልክ ላይ አሪፍ አድርጎ ይሠራል፤ ስልኩም በሌላ ኢርፎን አሪፍ አድርጎ ይሠራል፤ ሁለቱ አብረው ግን አይሠሩም። በዚህ ጊዜ ሞካሪው ግራ ይገባዋል፣ ወይም ይበልጥ የሚያሳዝነው የመጨረሻ በሞከረው ላይ ይፈርዳል። ሁለት ደህና ሰዎች በማይግባቡበት ቋንቋ ሲነጋገሩ አንዳቸውም ዲዳ አይደሉም። ስለዚህ በማቀያየር መሞከር የተሟላ ማስረጃ የሚሆነው ሦስተኛ ምስክር ሲጨመርበት ነው፤ ያ ምስክር ደግሞ ባለ ሦስት ክፍሉ፣ ማይክ የሌለው ተራ ኢርፎን ነው። የእሱ ጃክ መጨረሻ ላይ ያለው ክፍል ረጅም ስለሆነ በስልኩ ውስጥ የማይኩንም የመመለሻውንም መገናኛ አንድ ላይ ይሸፍናል። መመለሻው በየትኛውም ወገን ይሁን ያገኘዋል። ከሁለቱም ስምምነት ጋር ይግባባል ማለት ነው። እሱ ከሠራ የስልኩ ቀዳዳ ደህና ነው፤ እሱም ካልሠራ ዓይን ወደ ስልኩ ይዙር። አንድ እንዲህ ያለ አሮጌ ኢርፎን መሳቢያ ውስጥ ያለው ቤተሰብ ጥሩ መመርመሪያ አለው፤ የማይክ አለመኖሩ እንደ ጉድለት ተቆጥሮ መጣል የለበትም።

አለመገናኘት ግን ሁልጊዜ የስምምነት ጉዳይ አይደለም። ቀዳዳው ራሱ ሊሞላ ይችላል። ስልክ ኪስ ውስጥ በዋለ ቁጥር ከጨርቁ የሚረግፈው ብናኝ ወደ ቀዳዳው ይገባል፤ ጃኩ በተሰካ ቁጥር ደግሞ ያን ብናኝ ወደ ታች ይጠቀጥቀዋል። ከወራት በኋላ ቀዳዳው ሥር እንደ ታመቀ ሱፍ የጠነከረች ትንሽ ግራጫ ኳስ ትቀመጣለች። ጃኩ ከላይ ሲታይ የገባ ይመስላል፤ «ጠቅ» የምትለዋ የመጨረሻ ድምፅ ግን ቀርታለች፤ ክፍሎቹም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሚሊ ሜትር ከቦታቸው ከፍ ብለው የማይገባቸውን መገናኛ ይነካሉ። ወፍራም የስልክ ልባስም ይህንኑ ያደርጋል። የመጀመሪያው አይፎን ቀዳዳው ወደ ውስጥ ጠልቆ በመሠራቱ ብዙዎቹ የገበያ ኢርፎኖች እጀታቸው ወፍሮ አልገባ ብሏቸው ነበር፤ ደህና ዕቃ ከደህና ዕቃ ጋር ሳይደርስ መቅረቱ በጣም ውድ በሆነ ስልክም ላይ ያጋጥማል። ልባሱን አውልቆ መሞከር፣ በስልክ መብራት ቀዳዳውን ማየት፣ ብናኝ ካለም ስልኩን አጥፍቶ በቀጭን የእንጨት ስቲኪኒ ዙሪያውን ቀስ ብሎ እየጫሩ ማውጣት ነው። መርፌና የወረቀት መያዣ ሽቦ ግን አይገቡበትም፤ ውስጥ ያሉት መገናኛዎች ስስ የብረት ምላሶች ናቸውና አንዴ ከተጣመሙ አይመለሱም። በአፍ እፍ ማለትም ብናኙን ከማውጣት ይልቅ እርጥበት ያስገባል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ብልሽትም አለ፤ ምንም ሳይሰካ ስልኩ የማዳመጫ ምልክት ያሳያል፤ የስልኩ ስፒከር ዝም ይላል፤ ሰው ሲደውል ድምፁ አይሰማም። ቀዳዳው ውስጥ ጃክ መግባቱን የሚያሳውቅ መገናኛ በእርጥበት፣ በቆሻሻ ወይም በመጣመም «ተሰክቷል» እያለ ነው። ደጋግሞ መሰካትና መንቀል፣ ማጽዳት፣ ደረቅ ቦታ ላይ ማቆየት፣ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ስልኩ ጃኩን ያየዋል ወይስ አያየውም የሚለውን ለማወቅ ደግሞ አገራችን ውስጥ ማንም የሚያውቀው መመርመሪያ አለ፦ ኤፍኤም ሬዲዮ። የስልክ ኤፍኤም አንቴና ራሱ የኢርፎኑ ገመድ ነው። በ100 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሬዲዮው ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህን ለመቀበል አንድ ሜትር ያህል የተዘረጋ ሽቦ ያስፈልጋል፤ ቀጭን ስልክ ውስጥ ይህ አይገኝም። ሸገር 102.1ን ለመክፈት ሲሞከር ኢርፎኑ ተሰክቶ ሳለ ስልኩ አሁንም «ማዳመጫ ይሰኩ» ካለ፣ ጃኩ መግባቱ አልታወቀውም፤ ጥፋቱም ከቀዳዳው ወይም ከጃኩ አይዘልም። ሬዲዮው ተከፍቶ የሚሽሽ ድምፅ ብቻ ከሰጠና ገመዱን ሲያንቀሳቅሱ ጣቢያው ከመጣና ከሄደ፣ ሽቦው ውስጥ ስንጥቅ ሊኖር ይችላል።

ሽቦውን በሚመለከት ልምድ የሚያሳየው ነገር አጠራጣሪ አይደለም። ገመድ የሚሰበረው ደጋግሞ በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ይኸውም ከጃኩ እጀታ እንደወጣ ሁለት ጣት በማይሞላው ቦታ ላይ፣ ገመዱ ለሁለት በሚከፈልበት አንጓ ላይ፣ ከዚያም ወደ ጆሮው ሲገባ። ላዩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ደህና ሆኖ ውስጡ የተበጠሰ ሊሆን ይችላል። ንግግር ከፍቶ፣ ከጃኩ ጀምሮ ገመዱን በሁለት እጅ ጣቶች ትንሽ በትንሽ እያጠፉ መሄድ ይበቃል፤ ድምፁ ዘው ብሎ የሚመጣበት ወይም ጥፍት የሚልበት ቦታ የበሽታው ቦታ ነው። አንደኛው ጎን ብቻ ከደከመ ግን ሽቦውን ከመክሰስ በፊት ሁለት ቀላል ነገር መታየት አለበት። አንዱ የኢርፎኑ ወንፊት ነው፤ የጆሮ ኩክ ሲደርቅበት ድምፁን በግማሽ ያፍነዋል። ሁለተኛው ጆሮው ራሱ ነው። ግራውን ወደ ቀኝ፣ ቀኙን ወደ ግራ አገላብጦ ማድረግ፤ ድክመቱ ከኢርፎኑ ጋር አብሮ ከዞረ የዕቃ ነገር ነው፤ ድክመቱ እዚያው ጆሮ ላይ ከቀረ ደግሞ የሐኪም ጉዳይ ነውና ቀልድ አይደለም። አንዱ ጎን ደከመ ብሎ ድምፁን መጨመር ጤነኛውን ጆሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ12 እስከ 35 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡት በሚያዳምጡት ከፍተኛ ድምፅ የተነሳ የመስማት ችሎታቸው አደጋ ላይ መሆኑን ያስጠነቀቀው በከንቱ አይደለም። የተበላሸ ኢርፎን ድምፅ እየጨመሩ ማዳመጥ ወደዚህ አደጋ አንድ መግቢያ በር ነው።

ስልኩ ውስጥ የሚደበቁት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፤ ቶሎ ይታያሉ። ድምፁ ቀድሞ ወደተጣመደ ብሉቱዝ ስፒከር ወይም መኪና ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ብሉቱዝን ማጥፋት ነው። አንድሮይድ ለስልኩ ስፒከርና ለኢርፎን የተለያየ የድምፅ መጠን ስለሚይዝ፣ ስፒከሩ የሚጮኸውን ያህል ኢርፎኑ ዜሮ ላይ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል፤ መጠኑ መታየት ያለበት ጃኩ ከተሰካ በኋላ ነው። በተደራሽነት ቅንብር ውስጥ ደግሞ ግራና ቀኝን የምታመዛዝን መስመር አለች፤ ሳይታወቅ ወደ አንድ ወገን ከተገፋች አንዱን ጆሮ ዝም ታሰኛለች። ከስቱዲዮ የመጣ ትልቅ ማዳመጫ በስልክ ላይ ድምፁ ዝቅ ቢል ብልሽት አይደለም፤ ለስልክ የተሠሩት ኢርፎኖች የኤሌክትሪክ እገዳቸው 16 ወይም 32 ኦም ሲሆን እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለው 300 ኦም ነው፤ የስልኩ ጉልበት አይበቃውም። የአይፎን ኢርፎን አንድሮይድ ላይ ተሰክቶ ድምፁ ቢያምርም የመጨመሪያና የመቀነሻ ቁልፎቹ ዝም ቢሉ፣ ይህም ብልሽት አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች ለእነዚህ ቁልፎች የተለያየ ምልክት መርጠዋል። የመሐሏ ቁልፍ ግን በሁለቱም ላይ ትሠራለች፣ ምክንያቱም ሥራዋ ቀደም ሲል የተነገረው ተራ ማገናኘት ነውና።

«ጃክ ያለው ስልክ እየጠፋ ባለበት ዘመን ይህ ሁሉ ያለፈበት ወሬ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 በአይፎን 7 ላይ ክቡን ቀዳዳ ዘጋው፤ ሳምሰንግም በ2019 በጋላክሲ ኖት 10 ላይ ተከተለው። ቀዳዳው ቢዘጋም ያልተስማሙት ስምምነቶች ግን አብረው አልተዘጉም፤ ወደ ታይፕ ሲ ተዛወሩ እንጂ። ታይፕ ሲን ወደ ክብ ጃክ የሚቀይሩ፣ በመልክ አንድ የሆኑ፣ አሥር ሳንቲ ሜትር የማይሞሉ ኮንቨርተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ባዶ ሽቦ ነው፤ ስልኩ የተዘጋጀ ድምፅ በታይፕ ሲ በኩል እንዲያወጣለት ይጠብቃል፤ ይህን የሚያደርጉ ስልኮች ጥቂት ናቸው። ሁለተኛው በውስጡ ትንሽ ቺፕ አለው፤ ከስልኩ ድምፁን በቁጥር መልክ ተቀብሎ የሚሰማውን ድምፅ ራሱ ይሠራል። ጃክ አልባዎቹ የሳምሰንግና የጉግል ፒክስል ስልኮች፣ እንዲሁም ታይፕ ሲ ይዞ በ2023 የወጣው አይፎን 15፣ ባለ ቺፑን ይፈልጋሉ። ባዶው ሽቦ እነሱ ላይ ሲሰካ ዝም ይላል፤ ገዢውም ያለ ጥፋቱ ሻጩን ሌባ፣ ስልኩን ብልሹ ይላል። ኮንቨርተሩ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ኢርፎኑን ሰክቶ በላፕቶፕ ታይፕ ሲ ቀዳዳ ላይ መሞከር ነው፤ ኮምፒውተሩ አዲስ የድምፅ መሣሪያ መጣ ካለ ቺፕ አለው። ባለ ቺፑም ኦፖ፣ ሪልሚና ዋንፕላስ በመሳሰሉት አንዳንድ ስልኮች ላይ ቅንብር ውስጥ ኦቲጂ የሚለው ካልተከፈተለት አይነቃም፤ ያ ቅንብር ደግሞ ለአሥር ደቂቃ ያህል ካልተጠቀሙበት ራሱን ይዘጋል። ትናንት የሠራ ኮንቨርተር ዛሬ ሞተ የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በድሮው የአይፎን የቻርጅ ቀዳዳ ላይ ተሰክቶ «ብሉቱዝ ያብሩ» የሚል ርካሽ ኢርፎንም አለ፤ በቀዳዳው የሚወስደው መብራት ብቻ ነው፣ ድምፁን በአየር ይቀበላል። ገመድ ስላለው ብቻ ባለ ገመድ ነው ማለት አይቻልም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ ኢርፎን ርካሽ ነው፣ ሰዓት ከማጥፋት አዲስ መግዛት ወይም ገመድ አልባ መያዝ ይሻላል የሚል። ክብደት ያለው ክርክር ነው፤ ግን የሚሠራው ጥፋቱ ኢርፎኑ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ቀዳዳው ብናኝ ከሞላው፣ ስምምነቱ ከተለያየ፣ ኦቲጂ ከተዘጋ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ዝም ይላል፤ ገዢው ሁለት ጊዜ ከፍሎ አንድም ጊዜ አልሰማም። ይባስ ብሎ ደህናውን ስልክ ለጥገና ሰጥቶ ያልታመመው ቀዳዳ ሊቀየርለት ይችላል። ገመድ አልባውም የራሱ ሸክም አለው፤ በየጊዜው ቻርጅ ይደረጋል፣ ባትሪው በዓመታት ውስጥ ይደክማል፣ ለኤፍኤም አንቴና አይሆንም። የመብራት መጥፋት በሚያዘወትረው ሰፈር ለሚኖር አድማጭ፣ ሬዲዮ በስልኩ ለሚከታተል፣ ባለ ገመዱ ቅንጦት ሳይሆን አስተማማኙ ምርጫ ነው። ለዚያ ሰው ሁለት ደቂቃ የፈጀ ምርመራ ብዙ ያተርፋል።

ከምርመራው በኋላ ወደ ባለሙያ መሄድ ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የተጣመመ የቀዳዳ ምላስ፣ ከቦርዱ የተላቀቀ ቀዳዳ፣ ከጃኩ ሥር የተቆረጠ ገመድ በቤት የሚጠገን አይደለም። ልዩነቱ ግን «አይሠራም» ብሎ ማስረከብና «ቁልፏን ስጫን ዘፋኙ አይመለስም፣ ከጃኩ ሥር ሳጥፈው ግን ይመጣል» ብሎ ማስረከብ ነው። ሁለተኛውን የሰማ ባለሙያ ስልኩን ሳይፈታ ቀጥታ ወደ ገመዱ ይሄዳል። ገመዱ ላይ የሚሠራውም ስስ ሥራ ነው። በኢርፎን ገመድ ውስጥ ያለው ሽቦ እንደ ቤት ሽቦ በፕላስቲክ የተሸፈነ አይደለም፤ ከፀጉር የቀጠኑ የመዳብ ክሮች እያንዳንዳቸው በቀለም ተነክረው፣ እንዳይበጠሱ ከክር ጋር ተገምደዋል። ቀዩ አብዛኛውን ጊዜ የቀኝ ነው፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው የግራ፣ የመዳብ መልክ ያለው መመለሻ ነው፤ አምራቾች ሁሉ ስለማይጠብቁት ግን በቴስተር ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያ ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ካልተቃጠለ ወይም ካልተፋቀ በስተቀር ሊዱ ላዩ ላይ ተንጠባጥቦ ይደርቃል፤ ሽቦው አዲሱ ጃክ ላይ የተበየደ፣ የጠነከረ፣ ቢጎተትም የማይላቀቅ ይመስላል፤ ድምፅ ግን አያልፍበትም።